ሜዳሊያ ብቻውን አይመሰክርም

በቅርቡ ነቀምቴ ላይ ከወዳጆቼ ጋር ቡና ስንጠጣ አንዱ፣ «በላይነህ ዴንሳሞ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ስለሌለው ከአበበ ቢቂላና ከማሞ ወልዴ ተርታ አይሰለፍም» አለ። ፍርዱን አልተቀበልኩትም።

በላይነህ እ.ኤ.አ. በ1988 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ክብረ ወሰኑም አሥር ዓመት ጸና። በዚያው ዓመት ግን የደርግ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር አብሮ ከሴኡል ኦሊምፒክ ቀረ። በ1976 ከሞንትሪያል፣ በ1984 ከሎስ አንጀለስም ቀርተን ነበር።

ሴኡል ቢሮጥ ያሸንፍ ነበር አልልም፤ ውድድር የራሱ ዕጣ አለው። ነገር ግን በሩን የዘጋውን ሹም ትቶ በደጅ የቀረውን ሯጭ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። የጎደለው ሜዳሊያ በመንግሥት ስም ይመዝገብ።