ለውሻዎ ጥሬ ሳንባና ጉበት አይስጡ!

በበዓል በግ ታርዶ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲታይ «ይሄ ለሰው አይሆንም፤ ለውሻው ጣሉለት» ይባላል። በእኔ እምነት ይህ ልማድ መቅረት አለበት። ለውሻው የጣልነው ተመልሶ ልጆቻችን ጋ ይመጣል።

ከረጢቱ ውስጥ ያለው ጥገኛ ተህዋስ ውሻው አንጀት ውስጥ ትንሽ የኮሶ ትል ይሆናል። የትሉ እንቁላል ከሰገራው ጋር ወጥቶ ግቢውን ይበክላል፤ የውሻው ፀጉር ላይም ይጣበቃል። ልጅዎ ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ እንቁላሉን ሊውጥ ይችላል። ያኔ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ተመሳሳይ ከረጢት (ሃይዳቲድ ሲስት) ያለ ምንም ምልክት ለዓመታት ሊያድግ ይችላል። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ወይም ለወራት የሚወሰድ መድኃኒት ነው።

ስለዚህ፦
✔ ከረጢት ያለበትን ሳንባና ጉበት ያቃጥሉ ወይም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው አርቀው ይቅበሩ።
✔ ጤነኛ የሚመስለውንም ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ቀቅለው ይስጡት።
✔ የእንስሳት ሐኪም አማክረው ለውሻዎ በየጊዜው የትል መድኃኒት ይስጡት።
✔ ልጆች ውሻ ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ለሰው የማይሆን ጥሬ ሥጋ ለውሻም አይሆንም። ከበዓሉ በፊት ለወዳጅ ዘመድዎ ያጋሩ።