የቤት ሰዓትና የመሥሪያ ቤት ወረቀት

የመሥሪያ ቤት ወረቀት ወደ ቤት ይዞ መግባት ለእኛም ልማድ ሆኖብን ነበር፤ ራት ቀርቦ ልጆች ሲጠብቁን ብዕራችንን አናኖርም ነበር።

ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ኢጣሊያዊ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለ፥ ሐሳቡ እየተበተነ ቢያስቸግረው በቲማቲም አምሳል የተሠራ የወጥ ቤት ደወል ሰዓት ወስዶ ጥናቱን ይመጥን ጀመር። ሥርዓቱም 25 ደቂቃ በአንድ ሥራ ብቻ መትጋት፥ ደወሉ ሲጮኽ 5 ደቂቃ ማረፍ ነው፤ ከአራተኛው ደወል በኋላ ዕረፍቱ ይረዝማል። በመካከል ሌላ ጉዳይ ትዝ ቢል በወረቀት ጽፎ ማቈየት እንጂ መነሣት አይገባም።

ስንሞክረው የከበደን ትጋቱ ሳይሆን ዕረፍቱ ነው፤ በደወል ታዞ ብዕርን ማኖር ለባለሥልጣን ውርደት ይመስለዋልና። ትናንት ማታ ግን ከሁለተኛው ደወል በኋላ ወረቀቱን አጥፈን ወደ ገበታው ቀረብን፤ ወጡም ገና አልቀዘቀዘም ነበር።