ከዱላ ይልቅ ቁራሽ

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በቡኢ ከተማ፣ እንደ አብዛኛው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ውሻ የሚያዘው ለጥበቃ ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፤ ማታ ተፈትቶ ግቢውን ከሌባና ከጅብ፣ ጓሮውንም እንሰት ከሚያበላሸው ጃርት ይጠብቃል። ሥልጠናው ምንድን ነው ቢባል መልሱ አጭር ነው፤ ሲያጠፋ ዱላ፣ ሳያጠፋ ዝምታ። እኛ ይህ ልማድ ሊለወጥ ይገባዋል እንላለን። ምክንያታችንም ለእንስሳው ከማዘን ብቻ የመነጨ አይደለም።

እንደሚታወቀው የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት በውሻ አማካይነት ናቸው፤ ሥርጭቱን ለመግታትም ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑትን ውሾች መከተብ ያስፈልጋል። ክትባቱስ አለ። ነገር ግን ባለቤቱ እንኳ አንገቱን ሊይዘው የማይደፍረውን ውሻ ማን ይከትበው? እንዲህ ያለው ውሻ አልሠለጠነም ማለት ስሕተት ነው። ሠልጥኗል፤ የተማረው ግን የሰውን እጅ መፍራት ነው።

ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ጥናት፣ የተራቡ ድመቶችን በሳጥን ዘግቶ መዝጊያውን ከፍተው ሲወጡ ምግብ ይሰጣቸው ነበር። ሙከራው በተደጋገመ ቁጥር መውጫቸው እየፈጠነ ሄደ። መልካም ውጤት ያስከተለ ድርጊት ይደጋገማል ማለት ነው፤ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በኋላ ይህንኑ «ማጠናከሪያ» በሚል ስያሜ አስፋፋው። አባቶቻችንም «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲሉ ነገሩን አላጡትም፤ ሥራ ላይ አላዋሉትም እንጂ። በታንዛኒያ ሞሮጎሮ ትልልቅ አይጦች የተቀበረ ፈንጂ በማሽተት እንዲለዩ የሚሠለጥኑት በዚሁ መንገድ፣ በአጭር ድምፅና በሙዝ ቁራሽ ነው። በፖርቱጋል በ92 የቤት ውሾች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ደግሞ በቅጣት የሚሠለጥኑት የበለጠ የጭንቀት ጠባይ እንደሚያሳዩ፣ ከሥልጠናም በኋላ በምራቃቸው ውስጥ የኮርቲሶል መጠን ይበልጥ እንደሚጨምር አመልክቷል።

«ለሰው ያልተረፈ ምግብ ለውሻ ሽልማት?» የሚል አይጠፋም። ተጨማሪ ምግብ አያሻም። ያንኑ የዕለት ፍርፋሪ በአንድ ጊዜ ከመድፋት ይልቅ በጥቂት በጥቂቱ ከፍሎ መስጠት ይበቃል። ውሻው በስሙ ሲጠራ ከመጣ ወዲያውኑ፣ በአንድ ሁለት ሴኮንድ ውስጥ፣ ቁራሽ ይሰጠው፤ ከዘገየ ግን የተሸለመው በየትኛው ሥራው እንደሆነ አይለይም። ቀጥሎ ትከሻውን መንካትና መስጠት፤ በሌላ ቀን አንገቱን፤ ሲለምድ የትከሻውን ቆዳ ያዝ አድርጎ በጣት መጫን። ክትባት ሰጪው ሲመጣ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም።

«ይለሰልስና ጥበቃውን ይተዋል» የሚለው ሥጋትም አያሳምነንም። በእንግዳ ላይ መጮህና የጌታን እጅ መፍራት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና።

ሥራው በቡችላነት ቢጀመር ይቀላል። መናከስ የለመደውን ግን ለመንካት መቸኮል አደገኛ ነው፤ ቁራሹን ከርቀት እየወረወሩ፣ ሰው ሲቀርበው ሰውነቱ መደንገጡን እስኪተው ድረስ ሳምንታትም ቢፈጅ መታገሥ ያሻል፤ ልጆችም ይህን ሥራ ብቻቸውን እንዳይሞክሩ መጠበቅ የወላጅ ድርሻ ነው።