የመድኃኒት ተማሪና የአጥር ማዶው ሠፈር

በግቢያችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በየዓመቱ በኅዳር ወር አንድ ዓይነት ወረቀት ይለጠፋል። ጀርሞች መድኃኒትን ስለ መላመዳቸው ሕዝብን ለማንቃት የተመደበው ዓለም አቀፍ ሳምንት ደርሷልና የፋርማሲ ተማሪዎች ለበጎ ፈቃድ ሥራ ስማቸውን ያስመዝግቡ ይላል። እኛም እንመዘገባለን። ካናቴራ ይታደለናል፤ በራሪ ወረቀት ይታተማል፤ ቅዳሜ ጧት ተሰልፈን ወጥተን እስከ ቀትር እንቆያለን፤ ፎቶግራፍ እንነሣለን፤ ተመልሰን ምሳችንን እንበላለን። በማግሥቱ ሠፈሩም እኛም እንደ ነበርን ነን።

ይህን የምንጽፈው ወጥተው የደከሙትን ጓደኞቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። ከወጡት መካከል እኛው ራሳችን ስለ ነበርን ነቀፌታው የሚጀምረው ከእኛ ነው። የምንጠይቀው ግን ይህ ነው፤ ከመማሪያ ክፍል ውጭ የምናደርገው ይህ ሥራ ለማን ነው? ለሕዝቡ ነው ካልን ሕዝቡ ምን አገኘበት? ለእኛ ትምህርት ነው ካልን ደግሞ ምን ተማርንበት?

ባለፈው ዓመት የደረሰብንን እንንገራችሁ። ከግቢያችን አጥር ማዶ ባለው ሠፈር ድንኳን ተክለን ቆመን ሳለ ዕድሜያቸው ከሰባ የማያንስ አንዲት እናት በፌስታል የቋጠሩትን መድኃኒት ይዘው መጡ። «ልጆቼ፣ ከዚህ ውስጥ የደም ግፊቱ የትኛው እንደ ሆነ ንገሩኝ፤ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም» አሉን። ፌስታሉን ብንከፍተው ኪኒኑ ሁሉ ተደበላልቋል፤ አንዳንዱ እሽግ በመቀስ ከመቆረጡ የተነሣ ስሙ ጠፍቷል። ከኋላ ሰልፉ ረዝሟል። ከመካከላችን አንዱ በራሪ ወረቀት ሰጣቸው፤ ሌላው «እማማ፣ ሰኞ ጤና ጣቢያ ሄደው ይጠይቁ» አላቸው። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ማንበብ ብችልማ እናንተን ምን አስቸገረኝ!» ብለው መርቀውን ሄዱ። ቢቆጡን ኖሮ በቀለለን ነበር፤ ምርቃታቸው ግን አሳፈረን።

በሳምንቱ ሁለታችን ያለ ካናቴራና ያለ በራሪ ወረቀት ቤታቸውን ጠያይቀን ሄድን። ቡና ተፈላ፤ ፌስታሉም በሰፌድ ላይ ተዘረገፈ። አንድ ሰዓት ያህል እያንዳንዱን እሽግ እያነሣን «ይህንን መቼ ይወስዱታል? ማን ሰጠዎት?» እያልን ስንጠይቅ፣ በሁለት የንግድ ስም ከሁለት መድኃኒት ቤት የተገዙት ሁለት እሽጎች አንድ መድኃኒት መሆናቸውን ደረስንበት፤ ሁለቱም አምሎዲፒን ነበሩ። እማማ የካርቶናቸው ቀለም ስለሚለያይ ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች መስለዋቸው በየቀኑ ሁለቱንም ይውጡ ነበር። በዚያ ላይ ለግፊቱ ብለው ጦስኝ አፍልተው ይጠጣሉ፤ ይህንን ግን «ይቆጡኛል» ብለው ለሐኪም አልተናገሩም። ጫማቸው አልገባ ማለቱንም እንደ ቀልድ አድርገው አጫወቱን። ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ነበር።

ጓደኞቻችን ሆይ! አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት እንደሚያሳብጥ በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈን ማርክ አግኝተንበታል። በድንኳኑ ሥር ግን የእማማን እግር ያየ ከመካከላችን አንድም አልነበረም።

መድኃኒቱን ያቁሙ አላልናቸውም፤ ሥልጣናችንም አይደለም። እሽጎቹን እንደ ነበሩ ይዘን አብረናቸው ጤና ጣቢያ ሄድን፤ የመረመሯቸው ባለሙያ ነገሩን ሲረዱ አንዱን አስቀሩላቸው። እኛ የሠራነው መቀመጥ፣ መጠየቅና አብሮ መሄድ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያች አንድ ሰዓት የተማርነውን በአንድ መንፈቀ ዓመት ንግግር ውስጥ አልተማርነውም ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ችግሩ ምን ላይ ነው? በመጀመሪያ ቋንቋችን ላይ ነው። የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የምናገለግለው ሕዝብ የሚናገረው ግን አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና ሌሎችንም የአገራችንን ቋንቋዎች ነው። በመድኃኒት ማደያው መስኮት «1 × 3» ብለን በካርቶኑ ላይ ጽፈን እንሰጣለን። ለእኛ ይህ በየ8 ሰዓቱ ማለት ነው። እናትየዋ ግን ጧት፣ ቀንና ማታ ማለት መስሏት ለልጇ ጧት በ2 ሰዓት፣ ቀን በ6 ሰዓት፣ ማታ በ12 ሰዓት ትሰጠዋለች። እስቲ አስሉት! በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል 4 ሰዓት፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል 6 ሰዓት፤ ከዚያ በኋላ ልጁ 14 ሰዓት ሙሉ ያለ መድኃኒት ያድራል። እናትየዋ አልሳተችም፤ ያልነገርናትን ልታውቅ አትችልም።

ሌላም አለ። ልጅ ሲያስቀምጠው የሚሰጠው የኦ.አር.ኤስ. ዱቄት ለ1 ሊትር ውኃ የተመጠነ ሲሆን፣ ከረጢቱ በሙሉ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ተበጥብጦ ከተሰጠ ጨውና ስኳሩ ይበዛና የልጁን ሕመም ያባብሳል። «አንድ ሊትር» ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሊትር በሌለበት ቤት «በግማሽ ሊትሯ የውኃ ፕላስቲክ ሁለት ጊዜ ሞልተው ይለኩ፤ ካደረ ይድፉት» ብሎ ማሳየት ሌላ ዕውቀት ነው። ለሽሮፕ «አንድ የሻይ ማንኪያ» እንላለን፤ 5 ሚሊ ሊትር ማለታችን ነው፤ በየቤቱ ያለው ማንኪያ ግን አንዱ ከሌላው አይተካከልም። ተበጥብጦ የተረፈውን የልጆች አሞክሳሲሊን ለታናሽየው ብሎ ለወራት ማስቀመጥም የተለመደ ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፣ ፔኒሲሊን ከሚገባው መጠን በታች ከተወሰደ ጀርሞቹ መድኃኒቱን መቋቋም እንደሚማሩ አስጠንቅቆ ነበር። የእሱ ማስጠንቀቂያ በእኛ ሠፈር የሚፈርሰው ወይም የሚከበረው በእናትየዋ ማንኪያ ላይ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው፤ ግን በሽታውን የሚያስደብቀው ማን ነው? ጦስኙን፣ ዳማከሴውን፣ ኮሶውን ሲጠቅስ ፊታችንን ካጨማደድንበት ሰውየው ሁለተኛ አይነግረንም። የሚወስደውን ሁሉ ሳናውቅ ደግሞ በላዩ ላይ መድኃኒት እንጨምርበታለን።

ከሕዝቡ ዘንድ የምንማረው ነገር እንዳለ የሚጠራጠር ካለ የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን ሥራ ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ አካባቢ የቢልሃርዚያን ነገር ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ ወደ ሰው የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ በኩል ነውና ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ የብዙ ዓመት ምርምር ከዚያ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለሙበት። ለሳይንቲስቱ በር የከፈተው የልብስ አጣቢዎቹ ሳሙና ነበር። ወንዙ ድረስ ወርደው ባያዩ ኖሮ ምን ያገኙ ነበር?

በአገራችን ተማሪን ከግቢ ማውጣት አዲስ ነገር አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንን፣ የነርስና የሳኒቴሽን ተማሪዎቹን በቡድን አድርጎ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ያሰለጥናቸው ነበር። በ1957 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሄዶ እንዲሠራ ያዝዝ ነበር። ጅማም በጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትነቱ ዘመን ትምህርቱን በኅብረተሰቡ ውስጥ ማድረግን መሠረቱ አድርጎ ተነሥቷል። እነዚህ ሁሉ አንድ የጋራ ነገር አላቸው፤ ተማሪው ሄዶ ይቀመጥ ነበር። የአንድ ቀን ድንኳን ከዚህ ወገን አይቈጠርም።

የሚቀርብብንን መቃወሚያ እናውቃለን። የመጀመሪያው «ጊዜ የለንም፤ የመውጫ ፈተና አለብን» የሚል ነው። ፈተናው መኖሩ እውነት ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የማያስጨንቀው ተማሪ የለም። ነገር ግን የእማማን ቁርጭምጭሚት ያየ ተማሪ አምሎዲፒንን ዳግመኛ መሸምደድ ያስፈልገው ይሆን?

ሁለተኛው «ይህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥራ ነው» የሚል ነው። እነርሱ የምንተካቸው ሳይሆኑ የምንማርባቸው ናቸው። የትኛው ቤት ማን እንደ ታመመ፣ ማን መድኃኒቱን እንዳቋረጠ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። በሁለት ወይም በሦስት የንግድ ስም የተሸጠውን አንድ መድኃኒት ለይቶ ማውጣት ግን የእኛ ድርሻ ነው፤ በዚህ ልናግዛቸው እንችላለን።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ «ያልተመረቀ ተማሪ ሰው ቤት ገብቶ ቢያሳስትስ?» ይላል። ፍርሃቱ ተገቢ ስለሆነ በሕግ ልናጥረው ይገባል። እንጠይቃለን፣ እናያለን፣ እንመዘግባለን፣ የታዘዘውን እናስረዳለን፤ ምርመራ አናደርግም፣ መድኃኒት አናዝም፣ አናስቆምም፣ አንሸጥም። የተጠራጠርነውን ሁሉ በዚያው ዕለት ለመምህር ወይም ለጤና ጣቢያው ባለሙያ እናቀርባለን። የሰውየውንም ምስጢር ከግቢ በር አናሳልፍም፤ ፎቶግራፍም አናነሣም።

እንግዲህ ለተማሪዎች ኅብረትና ለትምህርት ክፍላችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ሁለት ሁለት ተማሪዎች ተጣምረው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር በመመካከር 5 ቤቶችን ለአንድ ዓመት ይያዙ፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይበቃል። ከታች ክፍል አንድ፣ ከላይ ክፍል አንድ ቢሆኑ ልምዱ አይቋረጥም። ሁለተኛ፣ በማደያው መስኮት የምንናገራቸውን ቃላትና ትእዛዞች በየቋንቋችን የምንሰበስብበት አንድ ደብተር ይከፈት፤ ቤተኛ ተናጋሪዎች የሆኑ ጓደኞቻችን ያርሙት። ሦስተኛ፣ በየወሩ አንድ ማታ ተሰብስበን ያልመለስናቸውን ጥያቄዎች እንወያይባቸው፤ ከመምህራንም ፈቃደኛ የሆነ ይገኝልን።

ማርክ ይሰጥበት የሚሉ ጓደኞች አሉ። እኛ አንስማማም። ማርክ ከመጣ ቅጽ ይመጣል፤ ቅጽ ከመጣ ደግሞ ሰውየው ቤት ሳይሄድ ቅጹን የሚሞላ ይመጣል። በትምህርቱ ፕሮግራም ውስጥ የታቀፈው ልምምድ በማርክ ይቀጥል፤ ይህኛው ግን ወደን የምንገባበት ጉርብትና ሆኖ ይቆይ። ሥራው የሚከብድ መስሎ ከታያችሁም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለውን አትርሱ። ሃምሳ ጥንዶች ብንሆን በአንድ ዓመት 250 ቤቶችን እናውቃለን፤ በስማቸው፣ በልማዳቸው፣ በየፌስታላቸው።

የፋርማሲ ትምህርት በአገራችን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ መሰጠት ከጀመረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከእኛ በፊት የነበሩት ባለሙያው ጥቂት በነበረበት ዘመን መድኃኒቱን አገር ለአገር አዳርሰዋል። መድኃኒቱ የደረሰው ሰው ግን እንዴት እንደሚወስደው እንዲገባው ማድረግ ለእኛ የቀረ ዕዳ ነው።

እማማ አሁን ደኅና ናቸው፤ ሰላም ልንላቸው ስንሄድ «እናንተ ልጆች፣ ጎረቤቴም ፌስታል አላት» ብለውናል። የጎረቤታቸውን ፌስታል ገና አላየነውም። አብሮን የሚሄድ የሚፈልግ ሁሉ እስከ ዓርብ ስሙን ለኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ይስጥ። ካናቴራ የለም።