ሌላ ዓለም ወይስ አዲስ ዓለም?

ጃፓኖች «ኢሴካይ» የሚሉት፣ ፍችውም «ሌላ ዓለም» የሆነ የሥዕል ፊልም አለ። በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢውን ተከናንቦ ዓይኑን ከስልኩ የማይነቅል ተማሪ ምን እንደሚያገኝበት ለማወቅ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. መታየት ከጀመረው «ሙሾኩ ተንሴይ» ሁለት ክፍል ተመልክቻለሁ።

ከቤት የማይወጣ የ34 ዓመት ሥራ ፈት በመኪና ተገጭቶ ይሞትና አስማት ባለበት አገር ሕፃን ሆኖ ይወለዳል። የቀድሞ እውቀቱ አልጠፋውም፤ ገና በልጅነቱ በውሃ አስማት የቤቱን ግድግዳ ይበሳል። ሰነፉን ጀግና ለማድረግ ሞት ብቻ ይበቃልን? ብልግናውንም ለሳቅ ማቅረባቸው አላስደሰተኝም።

ይሁን እንጂ በሁለተኛው ክፍል፣ ከደጅ መውጣት የሚፈራውን ልጅ አስተማሪው ሮክሲ በፈረስ ጭና ከግቢ ስታወጣው ቁም ነገር አየሁበት። ፍርሃቱን ያስለቀቀው አስማት ሳይሆን መምህር ነው።

በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን የጎበኙት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም» የተባለውን ልብ ወለድ አሳትመዋል። ባለታሪኩ አወቀ የኛው የተጉለት ልጅ ነው። እሱም ባሕር ተሻግሮ ፓሪስ ተማረ፤ ነገር ግን ተመልሶ ስለ ተዝካርና ስለ ጋብቻ ከዘመዶቹ ጋር ተሟገተ። የጃፓኑ ጀግና የተበላሸ ኑሮውን ጥሎ በሌላ አገር ይጀምራል፤ አወቀ ግን የተወለደበትን አገር ሊያቃና መጣ።

ስለዚህ ቀሪውን ክፍል ለመዝናኛ ያህል እመለከታለሁ። ከአንኮበርም ሆነ ከተጉለት ለመጣን ተማሪዎች ግን እንደገና መወለድ የለልንም። የሚጠብቀን የአወቀ ሙግት ነው።