የተማሪዎች ማደሪያና ኢንተርኔት

ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚገለገሉበት ጥቂት መሥሪያ ቤቶችና ግለሰቦች ብቻ ነበሩ። ዛሬ ግን የዩኒቨርስቲ ተማሪ መምህሩ በቴሌግራም የሚልክለትን ማስታወሻ የሚቀበለው፣ በቤተ መጻሕፍት ያላገኘውን መጽሐፍ ፈልጎ የሚያነበው፣ የቡድን ሥራውንም ከጓደኞቹ ጋር የሚያዘጋጀው በኢንተርኔት አማካይነት ነው። በ2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ መሰጠት የጀመረው የመውጫ ፈተና እንኳ በወረቀት ሳይሆን በኮምፒዩተር የሚሠራ ነው። እንግዲህ ኢንተርኔት ለተማሪ የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ቀርቶ እንደ ብዕርና እንደ ደብተር የሚቆጠር መሣሪያ ሆኗል ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ይህ መሣሪያ ለሁሉም እኩል አልተዳረሰም። የዋይፋይ ማሰራጫ በቤተ መጻሕፍትና በቢሮዎች አካባቢ ተተክሎ፣ ተማሪው ዶርም ብሎ በሚጠራው ማደሪያ ግን አገልግሎቱ የሚደክምበት ወይም ከነጭራሹ የማይደርስበት ግቢ ጥቂት አይደለም። የዋይፋይ ሞገድ ሩቅ የማይጓዝ በመሆኑ የኮንክሪትና የብሎኬት ግድግዳ ሲያጋጥመው ኃይሉን ያጣል።

በአንድ ተደራራቢ አልጋ ላይ የሚያድሩ ሁለት ተማሪዎችን ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። የላይኛው የነጋዴ ልጅ ነው፤ የሞባይል ጥቅል ገዝቶ በአልጋው ላይ ጋደም እንዳለ ያጠናል። የታችኛው የገበሬ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ከሚልኩለት ጥቂት ብር ለሳሙናና ለፎቶ ኮፒ ከከፈለ በኋላ ለጥቅል የሚተርፈው የለም። ስለዚህ ስልኩን ይዞ በብርድ ይወጣና ሞገዱ ከሚደርስበት ሕንፃ ሥር ይቆማል። ለሴት ተማሪ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ በጨለማ ግቢውን አቋርጣ መመለስ ስለሚያሠጋት ንባቧን ትታ በጊዜ ትገባለች። ሁሉም ግን የሚቀመጡት ለአንድ ፈተና ነው።

አንዳንድ ሰዎች ዋይፋይ ማደሪያ ከገባ ተማሪው ፊልምና እግር ኳስ ሲመለከት አድሮ ጠዋት በክፍል ውስጥ ያንቀላፋል ይላሉ። ሥጋቱ መሠረት የለውም አይባልም። ነገር ግን ጥቅል የሚገዛው ተማሪ ዛሬም ፊልም ከማየት አልታገደም፤ ክልከላው የሚጎዳው የሌለውን ብቻ ነው። በመብራት ሥር ካርታ የሚጫወቱ መኖራቸው ታይቶም ከማደሪያ መብራት ይነሣ ያለ ሰው የለም።

ከዚህ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የመስመሩ ውስንነት ነው። አንድ ማደሪያ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ መስመር ቢኖረውና 1,000 ተማሪዎች ባንድ ጊዜ ቢከፍቱት፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 0.1 ሜጋቢት ነው። ይህ ጽሑፍ ለማንበብ ያህል ይበቃል። ጥራት ያለው ቪዲዮ ግን 5 ሜጋቢት ያህል ስለሚፈልግ፣ 20 ተማሪዎች ፊልም ሲከፍቱ መስመሩ በሙሉ ይያዛል፤ የቀሩት 980 ጦማቸውን ያድራሉ።

ስለሆነም መፍትሔው ማገድ ሳይሆን መደልደል ነው። በየፎቁ ማሰራጫ ተተክሎ ለእያንዳንዱ ተማሪ በመታወቂያ ቁጥሩ እኩል ድርሻ ሊሰጠው፣ በጥናት ሰዓትም ለትምህርት ሥራ ቅድሚያ ሊኖር ይገባል። ብዙ ተማሪ የሚፈልጋቸው መጻሕፍትና ትምህርታዊ ቪዲዮዎች በዩኒቨርስቲው በራሱ ሰርቨር ላይ ቢቀመጡ የውጭው መስመር ሳይጨናነቅ ለሁሉም ይዳረሳሉ። ደንቡን የተማሪዎች ኅብረት ከአስተዳደሩ ጋር ተመካክሮ ቢያወጣው ደግሞ ይበልጥ ይከበራል፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ።

መሣሪያዎቹን መግዛትና መጠገን ወጪ እንዳለው አያጠራጥርም። ሆኖም በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት የማደሪያን ወጪ ከትምህርት ወጪ ጋር ባንድነት ቆጥሮታል። ይህም ማደሪያ የእንቅልፍ ቦታ ብቻ ሳይሆን የትምህርቱ አንድ ክፍል መሆኑን ያስረዳል። አንድ ወጣት በወላጆቹ ድኽነት ሳይታገድ፣ በችሎታው ተወዳድሮ ዩኒቨርስቲ ከገባ በኋላ፣ በአንድ ግድግዳ ምክንያት ከአልጋ ጎረቤቱ ወደ ኋላ ሊቀር አይገባም።