የመሶባችንን ምግብ አንናቅ፣ የሐኪሙንም ክኒን አንጣል



በዚህ ጋዜጣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ሥራና ስለ ማሽካንታ ብዙ ይጻፋል። ተገቢም ነው። እኔ ግን ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ስለምንበላውና ስለምንጠጣው ነው። ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነውን ምግብ «የድሃ ምግብ ነው» ብለን መተዋችን ጉዳት ነው። «ቅጠል ሁሉ መድኃኒት ነው» ብለን የሐኪሙን ክኒን መጣላችን ደግሞ ከዚያ የባሰ ጉዳት ነው። ሁለቱ ስሕተቶች የማይገናኙ ይመስላሉ። ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ከተክል የሚገኝ ነገር በሰውነታችን ውስጥ ምን እንደሚሠራ አለማወቅ ነው።

መጀመሪያ ከእኛ በፊት በዓሊያ የመጡ ወገኖቻችን የደረሰባቸውን እንመልከት። የየመን አይሁድ በ1949 እና በ1950 በብዛት በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ገቡ። በኢየሩሳሌም የሃዳሳ ሐኪም የነበሩት ፕሮፌሰር አሮን ኮኸን እነዚህን አዲስ ዖሊም ቀደም ብለው ከመጡት የየመን አይሁድ ጋር አነጻጸሯቸው። አዲስ ከመጡት ወደ አምስት ሺህ ከሚሆኑት መካከል የስኳር በሽታ የተገኘባቸው ሦስት ብቻ ነበሩ። ሃያ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ በአገሩ በኖሩት መካከል ግን በሽታው ወደ ሃምሳ እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። ዘራቸው አንድ፣ ደማቸው አንድ፤ የተለወጠው ኑሯቸው ነው። የሚበሉት ሲጠና ደግሞ ትልቁ ልዩነት ስኳር ነበር፤ በየመን ሳሉ እምብዛም የማያውቁትን ነገር እዚህ በየቀኑ ይበሉት ጀመር። ጥናቱ በ1961 ታትሞ በዓለም ታወቀ።

ታዲያ ይህ የእነሱ ታሪክ ነው ብለን እንዳናልፈው፣ የእኛም ተጽፏል። በሙሴ ዘመቻ፣ ማለትም በ1984 እና በ1985 ከመጣን ብዙ ሳይቆይ፣ በ1988 በወጣት የኢትዮጵያ ዖሊም መካከል የስኳር በሽታ በብዛት መታየቱን የሚገልጽ ጥናት ታተመ። ከሰሎሞን ዘመቻ በኋላም፣ ማለትም ከ1991 ወዲህ፣ ጉዳዩ ሐኪሞችን ማሳሰቡን አላቆመም። በ1998 «ጤና ብሪኡት» የተባለ ድርጅት የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ስሙ ራሱ በአማርኛና በዕብራይስጥ «ጤና፣ ጤና» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶች አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አሳይተዋል፦ የእኛ ሰዎች በስኳር በሽታ የሚያዙት ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በወጣትነታቸውና ብዙም ሳይወፍሩ ነው። ስለዚህ «እኔ ቀጭን ነኝ፣ ስኳር የወፍራም ሰው በሽታ ነው» የሚለው ወሬ ለእኛ አይሠራም።

ምን ተለወጠ? አገር ቤት ሳለን ለገበያውም ለውኃውም ለእርሻውም በእግር ነበር፤ እዚህ አውቶቡስ አለ። ጠላው ቀርቶ ሚጽ፣ ውኃው ቀርቶ ፔቴል መጣ። ለልጅ ቁርስ ነጭ ለሓማኒያ ከሾኮላድ ጋር ይሰጣል። ልጁም ከትምህርት ቤት መጥቶ «ሽሮ ይሸታል፣ ጓደኞቼ ይስቁብኛል» ይላል። እናትየውም እንዳይከፋው ብላ ድስቷን ትደብቃለች። ይህን የምለው እናቶችን ለመውቀስ አይደለም። ሰው አዲስ አገር ሲገባ ያገሬውን ሰው ለመምሰል ይፈልጋል፤ የሰው ጠባይ ነው። የሚገርመው ግን እኛ ሽሮውን ስንደብቅ ያገሬው ሐኪም ለበሽተኛው «ምስር ብላ፣ አተር ብላ፣ ጎመን ብላ» እያለ መምከሩ ነው!

ምክንያቱን በአጭሩ ላስረዳ። በ1981 ዴቪድ ጄንኪንስ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ልዩ ልዩ ምግብ ከተበላ በኋላ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ምን ያህል እንደሚጨምር ለክተው በደረጃ አስቀመጡ። ነጭ ዳቦ ቶሎና ከፍ አድርጎ ያወጣዋል። ምስር፣ አተር፣ ሽምብራና ባቄላ ግን ቀስ አድርገው ነው የሚያወጡት። በውስጣቸው ያለው ቃጫ፣ በዕብራይስጥ ሲቪም የሚባለው፣ በሆድ ውስጥ ወፍሮ ስኳሩ ባንድ ጊዜ ወደ ደም እንዳይገባ ያዘገየዋል። አንጀታችን ያልፈጨው ቃጫ ደግሞ አይጠፋም። ወደ ትልቁ አንጀት ወርዶ በዚያ ለሚኖሩት ለዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ምግብ ይሆናል። እነሱም ቡታይሬት የሚባል ነገር ይሠሩበታል፤ ይህም የአንጀትን ግድግዳ ይመግበዋል።

ይህ እንዴት ተረጋገጠ ብትሉ፣ በ2015 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ከአሜሪካ 20 ጥቁር አሜሪካውያን፣ ከደቡብ አፍሪካ ገጠር ደግሞ 20 ሰዎች ተመርጠው ለሁለት ሳምንት ምግባቸውን ተለዋወጡ። አሜሪካውያኑ የገጠሩን ቃጫ የበዛበት ምግብ ሲበሉ ቡታይሬቱ ጨመረ፤ ከአንጀት ካንሰር ጋር የሚያያዘው የአንጀት መቆጣት ምልክትም ቀነሰ። ገጠሬዎቹ የአሜሪካውን ቅባትና ሥጋ ሲበሉ ሁሉም ነገር ተገላቢጦሽ ሆነ። በሁለት ሳምንት! እንግዲህ እኛ እዚህ መርከዝ ውስጥ ስንት ወር እንደምንቀመጥ ራሳችሁ አስቡት።

አሁን ደግሞ እውነቱን እንናገር። «እንጀራ ከበላን ስኳር አይነካንም» የሚሉ አሉ። ጤፍ መልካም እህል ነው። ቃጫ አለው፣ ስንዴ የሚያውካቸውን የሴልያክ በሽተኞች የሚጎዳው ግሉተንም የለበትም። ነገር ግን ተአምር አይደለም። እንጀራ በደም ስኳር ላይ የሚያደርገውን የለኩት ጥናቶች እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ አንዳንዶቹ ዝቅተኛ፣ አንዳንዶቹ ከፍተኛ ሆኖ አግኝተውታል። ስለ ብረቱም ቢሆን፣ ጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ በሬ ሲያበራየው የተቀላቀለው አፈር ነው፤ ያን ሰውነታችን ብዙም አይጠቀምበትም። የሚጠቅመን እናቶቻችን የሚያደርጉት ሌላ ነገር ነው፤ ሊጡን በእርሾ አቡክተው ሁለት ሦስት ቀን ማቆየታቸው። በዚያ ጊዜ በእህሉ ውስጥ ብረትን የሚያስረው ፋይቴት የሚባለው ነገር ይፈርሳል። በጥድፊያ በነጭ የስንዴ ዱቄትና በመጋገሪያ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ መልኩ እንጀራ ቢሆንም ይህን አያደርግም። ስለዚህ ሜሶቡ የሚጠቅመን በሙሉ ሥርዓቱ ነው። እንጀራው በልክ፣ ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ በርከት ብሎ።

ስለ ቡና ካላነሣሁ ደግሞ ትቀየሙኛላችሁ። ቡና ክፉ ነው አልልም። ሁለት ነገር ግን አለ። አንደኛው ስኳሩ ነው። በአንድ ስኒ ሁለት የሻይ ማንኪያ የሚጨምር ሰው አቦል፣ ቶናና በረካ ጠጥቶ ማታም ቢደግመው አሥራ ሁለት ማንኪያ፣ ወደ 50 ግራም ስኳር ጠጣ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው ምክር ደግሞ ለአዋቂ ሰው የተጨመረ ስኳር በቀን ከ50 ግራም ያህል እንዳይበልጥ፣ ወደ 25 ቢወርድ ደግሞ ይበልጥ እንደሚሻል ተናግሯል። ሚጹንና ኬኩን ገና አልቆጠርንም። ሁለተኛው ብረቱ ነው። በ1983 በወጣ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ሰውነት ከምግቡ የሚወስደውን ብረት በ39 ከመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 ከመቶ ቀነሰው። ከምግብ በኋላ በአንድ ሰዓት ቢጠጣም ያው ነው። ከምግብ በፊት በአንድ ሰዓት የተጠጣው ግን ምንም አልቀነሰም። የደም ማነስ ያለባቸው ሴቶችና እርጉዞች ይህን ልብ ይበሉ፤ ቡናው ይፈላ፣ ሰዓቱ ግን ከምግቡ ይራቅ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር፣ ወደ ቅጠሉና ወደ ሥሩ ልምጣ። አንዳንድ ሰው ከኩፓት ሖሊም የተሰጠውን ክኒን መሳቢያ ውስጥ ይከታል። «ክኒን ኬሚካል ነው፣ እኔ አብሽ ዘፍዝፌ እጠጣለሁ» ይላል። ለዚህ ሰው የክኒኑን ታሪክ ልንገረው። ለስኳር በሽታ በብዛት የሚታዘዘው ሜትፎርሚን፣ እዚህ አገር ግሉኮሚን እየተባለ የሚሸጠው፣ መነሻው ተክል ነው። ጋሌጋ የሚባል የባቄላ ወገን የሆነ የአውሮፓ ተክል አለ። በውስጡ ስኳርን የሚቀንስ ነገር ተገኘበት። ተክሉ ግን በግ በልቶት የሚሞትበት መርዝም ነው። ሳይንቲስቶች የእሱን ዘመድ የሆነ፣ መርዝነቱ የቀነሰ ነገር ሠሩ፤ ዣን ስተርን የተባሉ የፈረንሳይ ሐኪምም በ1957 ለበሽተኞች መጠቀማቸውን ጽፈው አወጡ። እንግዲህ ክኒኑ ራሱ የተለካና የተፈተነ የቅጠል ልጅ ነው ማለት ነው።

የወባውም እንዲሁ ነው። በቆላ የኖረ ሁሉ ኳርተምን ያውቃል። በውስጡ ያለው መድኃኒት የተገኘው ከአንድ የቻይና ተክል ነው። ቱ ዩዩ የተባሉት ቻይናዊት ተመራማሪ የጥንት መጽሐፍ አንብበው ተክሉን ቢፈትኑት መጀመሪያ አልሠራ አላቸው። ለካ ሙቀቱ መድኃኒቱን ያበላሸው ነበር። በዝቅተኛ ሙቀት ሲያወጡት ሠራ፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኙ። የአባቶች ዕውቀት መንገዱን አሳየ፣ ልኩን ግን ያገኘው ፈተናው ነው።

ተክል ሁሉ ደግ እንዳልሆነ ከእኛ የጎንደር ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። ጓያን በችግር ዘመን ለወራት ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሩ እንደሚያዝና ዳግም እንደማይፈታ አይተናል። በጓያው ውስጥ ያለው ኦዳፕ የሚባል መርዝ የነርቭ ሥራችንን ስለሚጎዳ ነው። ኮሶም ትሉን ያወጣል፤ ልኩ ሲያልፍ ግን ዓይን የጎዳበት ጊዜ በሐኪሞች ተመዝግቧል።

አብሽስ? አብሽ ጥሩ ነው። የየመን ወንድሞቻችንም ሂልቤ ብለው ይበሉታል። በትንንሽ ጥናቶች የደም ስኳርን በመጠኑ እንደሚቀንስ ታይቷል። ነገር ግን በመጠኑ ነው፤ ክኒንን አይተካም። ከስኳር መድኃኒት ጋር አብዝቶ የሚወስድ ሰው ደግሞ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ሊያዞረው፣ ሊጥለውም ይችላል። ስለዚህ አብሽ የምትጠጡ እናቶችና አባቶች ለሐኪሙ ወይም ለአሖቷ ንገሩ። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። «ይስቁብኛል» ብሎ መደበቅ አይጠቅምም፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ!

እንግዲህ ምን ይደረግ? የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። በየቤታችን ሚጹና ፔቴሉ ለሰንበትና ለበዓል ይቅር፤ በየቀኑ ውኃ ይጠጣ። ሱፐር ስንገባ ዕቃው ላይ ያለውን ቀይ ምልክት እንይ። ከ2020 ወዲህ ስኳር፣ ጨው ወይም ቅባት የበዛበት የታሸገ ምግብ ይህ ምልክት አለበት፤ ዕብራይስጥ ማንበብ ላልቻለም ሥዕሉ ይናገራል። ማንኪያ የተሣለበት ከሆነ ስኳር ነው። ጾም የሚይዙ የስኳር በሽተኞች ከዮም ኪፑርና ከስግድ በፊት ሐኪሙንም ቄሱንም ያማክሩ፤ ነፍስን ማዳን ይቀድማል። ወጣቶች ደግሞ ቀጭንም ብትሆኑ የደም ምርመራ ጠይቁ።

ለመርከዙ ኃላፊዎችም ጥያቄ አለኝ። በኡልፓን ዕረፍት ሰዓት ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው ጣፋጭ መጠጥና ብስኩት በውኃና በፍራፍሬ ቢለወጥ ወጪው የሚበዛ አይመስለኝም። በዓመት አንድ ጊዜም እናቶቻችን ሽሮና ምስር ሠርተው፣ አሖቷም መጥታ፣ ልጆቻችን ባሉበት ስለ ምግባችን ቢነገር እንወዳለን። ልጁ መምህሯ ሽሮ ስትበላና ስታመሰግን ካየ፣ ነገ ከቤት ሲወጣ አያፍርበትም።

ዕብራይስጡን እንማር፣ ሥራውን እንያዝ፣ አገሩን እንልመድ። የመሶቡን ምግብ ለመተው ግን ያዘዘን የለም፤ ጤና ከሌለ ደግሞ ቤቱም ሥራውም ዋጋ የለውም። እግዚአብሔር በጤና ያቆየን።

አንድ የኡልፓን ተማሪ